የረጅሟ ሴትዮ ደሪቶ

እናቴ ደሪቶ የምትነድፈው በኮምፒውተር ነበር። ይህን የሰማ የሰፈራችን የሹም አቦ ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር፤ ደሪቶ ያጣ ሰው ቁርጥራጭ ጨርቅ እየቀጣጠለ የሚለብሰው ነገር ነዋ። ኮምፒውተር ደግሞ ያን ጊዜ የባንክ ቤትና የኮሌጅ ዕቃ ነው። እኔ ግን የሰዉ ሳቅ አይገባኝም ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ በባሕር ዳር ከእኛ ቤት የሚበልጥ ቤት ያለም አይመስለኝ።

እናቴ የሺመቤት የአንድ ኮሌጅ ጸሐፊ ነበረች። ኮሌጁ ያረጁ ኮምፒውተሮቹን በጨረታ ሲሸጥ አንዱን ገዝታ በባጃጅ ጭና አመጣችው። ከውጭ አገር መጥታ ስታስተምር የነበረች አንዲት መምህርት ደግሞ ወደ አገሯ ልትሄድ ስትል አንድ ሲዲ ሰጠቻት። ውስጡ ያለው ፕሮግራም የብርድ ልብስ መንደፊያ ነበር። እናቴ የአልጋውን ወርድና ቁመት ስትጽፍለት ስክሪኑ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይሞላል። አራት ማዕዘኖቹን በማውዝ እየነካች ቀለም ትሰጣቸዋለች፤ ካልወደደችው ታጠፋና ሌላ ትሞክራለች። ሲያልቅ ከየቀለሙ ስንት ቁራጭ እንደሚያስፈልጋት ይነግራታል።

ቁርጥራጩን የሚያመጡልን ጎረቤታችን እትዬ ዘይነት ነበሩ። ባላቸው ኑርሑሴን የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ሱቁ በረንዳ ላይ የሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች የሚጥሉትን ሁሉ በማዳበሪያ ሞልተው ይዘው ይመጣሉ። እኔ መሬት ላይ ዘርግፌ በየቀለሙ እለያለሁ። ከዚያ እናቴ አጠገብ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። በእያንዳንዱ ደሪቶ ውስጥ አንዱን ቀለም የምመርጠው እኔ ነበርሁ፤ «ይቺ የሩሐማ ናት» ትልና እኔ ያልኋት ቦታ ላይ ትቀባልኛለች። መብራት ድንገት ሲሄድ ሁለታችንም «ኡ!» እንልና፣ የጠፋብንን ሥራ እያሰብን ጨለማው ውስጥ እንስቃለን።

አባቴ አለበል ቀያሽ ነበር። ከሐይቁ ማዶ፣ ደልጊ አካባቢ የሚሠራ መንገድ ላይ ተመድቦ ስለነበር ወደ ቤት የሚመጣው በወር አንዴ ቢሆን ነው። በጣም ረጅም ሰው ነው፤ በራችን ላይ ሁሌ ጎንበስ ብሎ ይገባል። ከሱቅ የተገዛ ብርድ ልብስ እግሩን ሸፍኖለት አያውቅም። እናቴ ፕሮግራሙን እንደ ለመደች መጀመሪያ የሠራችው ለእሱ የሚሆን ደሪቶ ነበር፤ ፊቱ ሰማያዊና ነጭ፣ ጀርባው አቡጀዴ፣ መኻሉ ባዘቶ። ከዚያ ወዲህ አባቴ «ያለሱ እንቅልፍ አይወስደኝም» ይል ነበር። እናቴ ይህን ሲል ፊቷን ወደ ጓዳው ታዞራለች፤ ስትስቅ እንዳያያት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቴ በላስቲክ የተጠቀለለ ደረቅ ዓሣ ይዞ ገባ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣

«የሺ፣ ሥራ አመጣሁልሽ» አላት።

«የምን ሥራ?»

«ደልጊ ያለች አንዲት ሴትዮ ናት። የመንግሥት ሠራተኛ ናት። አንቺ የምትሠሪውን ባወራላት ጊዜ ልቧ ቆመ። ለአልጋዋ ሥሪልኝ ብላለች።»

እናቴ እስከዚያን ቀን ድረስ የሠራችው ለቤታችን፣ ለእትዬ ዘይነትና ለዘመድ ነበር። ከማታውቀው ሰው ስትታዘዝ የመጀመሪያዋ ነው። እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ኮምፒውተሩ እስኪነሣ ድረስ እግሯ መሬቱን ይመታ ነበር።

«እሺ፣ ወርዱ ስንት ይሁን?»

«ያው የኛን ያህል አድርጊው።»

«ቁመቱስ?»

«እሱንም የኛን ያህል። ሁለት ከሠላሳ።»

የእናቴ እጅ ማውዙ ላይ ቆመ። «የሰው ሁሉ አልጋ ሁለት ሜትር አይሞላም እኮ፣ አለበል።»

«ሴትዮዋ ረጅም ናት።»

«ይህን ያህል?»

«በጣም ረጅም ናት አልሁሽ እኮ!»

እኔ ዘልዬ ተነሣሁ። «ካንተ ትበልጣለች፣ አባዬ?»

«እንስተካከላለን» አለና ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። ቁጥሩን ጻፈች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ረጅሟ ሴትዮ ከራሴ አልወጣ አለች። በአሳቤ ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ በላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ አያታለሁ። ታንኳዎቹን በእጇ እያነሣች ስታቀራርብ፣ ጉማሬዎቹን እንደ ጥጃ ስታባርር አያታለሁ። ለእሷ የመረጥሁላት ቀለም ቢጫ ነበር፤ ከሩቅ እንዲታይ ብዬ። እናቴ ቢጫዋን መኻል ላይ አደረገችልኝ።

ያን ደሪቶ ስትነድፍ ግን የቀድሞዋ እናቴ አልነበረችም። አንዱን ቀለም ትሰጣለች፣ ታጠፋለች፣ ደግማ ትሰጣለች። ቁመቱ የተጻፈበት ቦታ ላይ ትመለስና ዝም ብላ ታየዋለች። ዓይኗ ቀልቶ እንባዋ ሲወርድ አይቼ «እማዬ ምን ሆንሽ?» ብላት፣

«ስክሪኑ ነው። ዓይኔን አቃጠለኝ» አለችኝ።

እኔም አምኜ ቀዝቃዛ ውኃ በጣሳ አመጣሁላት። እትዬ ዘይነት መጥተው ሲያዩዋት «ይሄ ኮምፒውተር አንድ ቀን ያሳውርሻል» አሏት። እኔ የምር ወስጄው ስክሪኑን በፎጣ ሸፈንሁት። እናቴ ፎጣውን አንሥታ ሥራዋን ቀጠለች።

ደሪቶው ሲያልቅ ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ አየው። እንደ ሌላ ጊዜው የሳቀ ሰው አልነበረም። አባቴ ጠቅልሎ፣ በገመድ አስሮ፣ ተሸክሞት ሄደ።

የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲደርስ አባቴ መጥቶ ነበርና ደልጊ ውሰደኝ ብዬ ለመንሁት። ረጅሟን ሴትዮ ማየት ነው የፈለግሁ። «እዚያ ማን ይጠብቅሻል? እኔ ሥራ ላይ ነኝ» አለ። ሊያልፈው ነበር። እናቴ ልብስ እያጣጠፈች፣ ቀና ሳትል፣

«ውሰዳት» አለችው።

«ምን ታደርግልኛለች?»

«ሐይቁን ታይ። ልጅ ናት፣ አየር ትለውጥ። ውሰዳት፣ አለበል።»

እሱም ሌላ ሰበብ አላገኘም። እኔ እናቴ ስለወደደችኝ የፈቀደችልኝ መስሎኝ አንገቷ ላይ ተጠመጠምሁ። ዛሬ እንደሚገባኝ እናቴ ያን ቀን ዓይኗን ነው የላከች። እኔን።

መርከቡ ላይ ስንሳፈር አባቴ አጠገቡ አስቀመጠኝና «እዚያ ስንደርስ የቤት ወሬ እንዳታበዢ። የደልጊ ሰው ለፍላፊ ልጅ አይወድም» አለኝ። እኔ የማወራበት አቅም አልነበረኝም። ቁንዝላ ወደብ እስክንደርስ ድረስ ሳስመልስ ነው የዋልሁት። እዚያ አድረን በማግስቱ ደልጊ ስንወርድ ገና መሬቱ ከሥሬ ይወዛወዝ ነበር።

አባቴ የወሰደኝ ቆርቆሮ ክዳን ያላት፣ አጥሯ በቃንጫ ተክል የታጠረ ንጹሕ ቤት ነው። «እዚህ ነው የምከራየው። ባለቤቲቱ ኪዳነ ምሕረት ትባላለች፤ ኪዲ በያት» አለኝ። አንዲት ወጣት ሴት ከቤት ወጣች። አጭር ናት፤ ከበሩ እጀታ ትንሽ ነው የምትበልጥ። ሆዷ ግን ወደፊት ገፋ ብሏል። ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ዓሣ ስለሚያበዛ ይሆናል አልሁ በልቤ።

ኪዲ ስታየኝ ዓይኗ እንባ ሞላ። እቅፍ አድርጋ ሳመችኝ፤ ሳመችኝና እንደገና ሳመችኝ። ውኃ አሙቃ እግሬን አጠበችኝ። ፀጉሬን ፈትታ፣ ቅባት ቀብታ፣ ጣቷ እንዳያሳምመኝ እየተጠነቀቀች ሹሩባ ሠራችኝ። በየመኻሉ «አይዞሽ የኔ እናት፣ እኔ አለሁልሽ» ትለኛለች። መርከቡ ስላሳመመኝ ያዘነችልኝ መሰለኝ። «አሁን እኮ ተሽሎኛል» አልኋት። ይህን ስላት ባሰባት።

አባቴ ወደ ሥራ ወጣ። ኪዲ ቤቱ ውስጥ አስገብታ አልጋው ላይ አረፍ በይ አለችኝ። አልጋው ላይ የእኛ ደሪቶ ተነጥፏል። ቢጫዋ መኻል ላይ ናት። ቁመቱ ከአልጋው ተርፎ በግርጌው በኩል መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ከአልጋው ሥር የአባቴ ነጠላ ጫማ አለ።

«ረጅሟ ሴትዮ የት አለች?» ብዬ ጠየቅሁ።

«የቷ ረጅም ሴትዮ?»

«ደሪቶው የተሠራላት ነቻ።»

ኪዲ ሳቀች። «የኔ ነው እንጂ። አባትሽ ነው ያሠራልኝ።» በእጇ እየዳበሰችው «አክስትሽ እጅ አላት፤ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይቼም አላውቅ» አለች።

«አክስቴ አይደለችም። እማዬ ናት የሠራችው።»

«እ?»

«እማዬ ናት። በኮምፒውተር ነው የነደፈችው። ቢጫዋን እኔ ነኝ የመረጥሁላት። ስትሠራው ዓይኗን አሟት ነበር።»

የኪዲ እጅ ቢጫዋ ላይ እንደ ተዘረጋ ቀረ። «መቼ ነው የሠራችው?» አለች።

«በቀደም። ትምህርት ሳይዘጋ።»

«እናትሽ... አሁን የት ናት?»

«ቤት ናታ! ሥራ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች።»

ኪዲ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘችና ቀስ ብላ ተነሣች። ወደ ጓሮ ወጣች። ስታስመልስ ሰማኋት። አሁን ደግሞ እሷን አመማት ብዬ በጣሳ ውኃ ይዤ ተከተልኋት። ውኃውን ተቀብላ ፊቷን ታጠበች፤ ከዚያ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ብዙ ቆየች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥሁ። እጄን ይዛ አልለቀቀችም።

ያን ቀን አባቴ ሲመለስ በሩ ላይ ቆመው ተነጋገሩ። የሰማሁት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ኪዲ «በቁሟ!» አለች። እኔ ደግሞ ቆሞ ስለ መሄድ የሚያወሩ መሰለኝ። አባቴ ዕራት ሳይበላ ወጣ፤ ያደረውም ሌላ ቦታ ነው። ሥራ በዝቶበት ነው አልሁ።

የመርከቡ መመለሻ ቀን ሲደርስ አባቴ ወደ ባሕር ዳር ለምትሄድ ነጋዴ አደራ ሰጠኝ። ልሳፈር ስል ኪዲ መጣች። ደሪቶውን አጥፋ፣ በገመድ አስራ ይዛዋለች። አባቴን ሳታየው፣

«ስፌቱ ተተርትሯል። የሠራችው ትጠግነው» አለችና እቅፌ ላይ አኖረችው።

አባቴ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለ። «እናትሽ ከጠየቀችሽ ረጅሟን ሴትዮ አላገኘኋትም በያት» አለኝ። እውነትም አላገኘኋትም ነበርና እሺ አልሁት።

እናቴ ወደብ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። የተሸከምሁትን ስታይ ፊቷ ደነገጠ እንጂ አልጠየቀችኝም። ቤት ገብተን ደሪቶውን ፈታች፤ አልጋ ላይ ዘረጋችው። ስፌቱን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በጣቷ ተከተለችው። አንድም የተተረተረ ቦታ አልነበረውም።

«ረጅሟ ሴትዮ ደኅና ናት?» አለችኝ።

«አላገኘኋትም። ያገኘሁት አጭሯን ነው። ደሪቶው የሷ ነው ብላለች።»

«አጭር ናት?»

«እስከዚህ» ብዬ በእጄ አሳየኋት። «ሆዷ ግን ትልቅ ነው። ጥሩ ሰው ናት እማዬ፤ ሹሩባዬን የሠራችኝ እሷ ናት።»

እናቴ ሹሩባዬን ነካችው። የምትፈታው መስሎኝ ነበር። አልፈታችውም።

አባቴ በመጣ ጊዜ ከቤት ወጥቼ እትዬ ዘይነት ጋ እንድሆን ተነገረኝ። በሳምንቱ ሽማግሌዎች መጡ፤ ጡረተኛው መምህር ጋሽ መርስዔ ኀዘንና የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ጻድቅ። እኔና እትዬ ዘይነት ጓዳ ሆነን እንሰማ ነበር። የሚያወሩት ስለ ኮምፒውተሩ ነው።

«አንቺም ብትሆኚ» አሉ ጋሽ መርስዔ፣ «ከቢሮ ስትመለሺ እዚያ ነገር ላይ ትጣጃለሽ። ባል ከመንገድ ሲመጣ የሚያወራው ሰው ይፈልጋል።»

«በወር አንድ ቀን ነው የሚመጣ፣ ጋሼ» አለች እናቴ።

«ያችን አንድ ቀን ነዋ እኔም የምልሽ!»

አባ ወልደ ጻድቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሱ አጥፍቷል። ንስሐ እሰጠዋለሁ። ወደዚህ እንዲዛወርም ይጠይቃል። አንቺ ደግሞ ቤትሽን ያዢ፤ ልጅ አለሽ» አሏት።

«እሷስ?» አለች እናቴ። «ያረገዘችውስ?»

አባ ወልደ ጻድቅ ወደ ምርቃቱ ገቡ። እትዬ ዘይነት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ለራሳቸው ይመስላል፣ «እሱ ይሄዳል፣ ኮምፒውተሩ ይቀጣል?» አሉ። እኔ ንግግሩ አልገባኝም። በማግስቱ ግን አባቴ ኮምፒውተሩን በጋሪ አስጭኖ ወሰደውና ሸጠው። ለእናቴ ዓይን ስለታሰበ ነው ብዬ ደስ አለኝ። «አሁን ዓይንሽ ይድናል» አልኋት። እናቴም «አዎ» አለችኝ።

ሲዲውን በሌላ ቦታ ስትጠቀምበት አይቼ አላውቅም። ማዳበሪያውም መምጣት ቀረ። አባቴ ባሕር ዳር ተዛወረ፤ ሁሌ ቤት ነው። ለብዙ ዓመት ሰው «የሺመቤት ታድላ፣ ባሏ ተመለሰላት» ሲል ሰምቻለሁ።

እናቴ ያን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ አደረገች። ሰማያዊውን አሮጌ ደሪቶ አንሥታ ለእትዬ ዘይነት ሰጠችና፣ ከደልጊ የተመለሰውን የእሷና የአባቴ አልጋ ላይ አነጠፈችው። እኔ ቢጫዋን ስለወደደችልኝ መስሎኝ ኩራት ተሰማኝ። አባቴ በዚያ ደሪቶ ሥር እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ተኛ። ስናስታምመውም እሱን ነበር የምንደርብለት። አንድ ቀን «ሌላ ቀለል ያለ አምጡልኝ» ብሎ ለመናት። «ያለሱ እንቅልፍ አይወስድህም» አለችው። እያስተካከለች እግሩን ሸፈነችለት።

አባቴ የሞተው ዘንድሮ ነው። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ከሩቅ ያሉ ሰዎች ለቀብር አልደረሱም፤ የደረሱት ለአርባው ነው። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሎ፣ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ሲበላ አንዲት ጥቁር የለበሰች አጭር ሴት ገባች። ፀጉሯ ሸብቷል። እኔ ያወቅኋት በእጇ ነው፤ ስትጨብጠኝ እጄን ቶሎ አልለቀቀችውም። ከኋላዋ አንድ ወጣት አለ። ድንኳኑ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ሲገባ የሴቶቹ ወሬ ቀጥ አለ። የአባቴን አገባብ የማያውቅ ሰው አልነበረማ።

እናቴ ከፍራሿ ተነሥታ ኪዲን ሳመቻት። አጠገቧ አስቀመጠቻት። አንዲት ሴት አላስችል ብሏት «የሺዬ፣ እንግዳዋ ማን ናት?» አለች።

«ደንበኛዬ ናት» አለች እናቴ። «ብርድ ልብስ ሠርቼላት ነበር።»



ሰዉ ሲበተን ወደ ቤት አስገባናቸው። ልጁ ዳኘው ይባላል፤ ጎንደር ኮሌጅ ገብቷል። ኪዲ እኔ በተውኋት በደልጊ አልቆየችም፤ ወልዳ እንደተነሣች ዝውውር ጠይቃ፣ ልጇን ብቻዋን አሳድጋለች። አባቴ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀውም። ይህን ስታወራኝ ድምፅዋ ውስጥ ምንም አልነበረም፤ የሌላ ሰው ታሪክ የምታወራ ይመስላል። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብላ፣

«ያን ጊዜ እናትሽ ሞታለች ነበር ያለኝ» አለች። «ያላንቺ አላውቅም ነበር። እኔ እኮ እናት የሌላት ልጅ መጣችልኝ ብዬ ነበር የተቀበልሁሽ።»

እናቴ ሰምታለች። ሳህን እያነሣሣች ነበር። «በቁሜ ቀብሮኝ ነበር» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ዳኘው ከቀረበለት ምግብ ትንሽ ቀመሰ። ግድግዳው ላይ ያለውን የአባቴን ፎቶግራፍ ሰርቆ ያያል። ሲያየው ቆይቶ፣ ምግቡ ላይ አቀርቅሮ፣

«እኅቴ» አለኝ፣ «አባታችን ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

አባታችን ሲል ምላሱ ተደናቀፈ። አሳዘነኝ። ይህን ያህል መንገድ መጥቶ ባዶውን እንዲመለስ አልፈለግሁም። ለቅሶ ቤት የሚባለውን ሁሉ ማለት ጀመርሁ። «ደግ ሰው ነበር» አልሁት። «ሥራ ወዳድ ነበር። ለቤቱ የሚያስብ...»

«ሩሐማ!»

እናቴ ጓዳው በር ላይ ቆማለች። እጇ ርጥብ ነው።

«ልጁን አትዋሺው።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ኪዲ ለመነሣት ቃጣት፤ እናቴ ክንዷን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት።

«እኔ እነግርሃለሁ» አለችው። «የማያምር ነገር ነው፤ ግን እነግርሃለሁ።»

ከሁለት ከሠላሳው ጀመረች። ማውዙ ላይ እጇ የቆመ ዕለት እንዳወቀች፣ አውቃም እንደ ሠራችው፣ የሠራችውም የመጀመሪያ ትዕዛዟ ስለነበረ እንደሆነ ነገረችው። «ከሱቅ ብርድ ልብስ ጠፍቶበት አይደለም» አለች። «የኔን ለምዶ ነው።» ዳኘው ምግቡን ትቶ ያዳምጣታል። እኔም አዳመጥሁ። ብዙውን በግምት ደርሼበት ነበር፤ ከእናቴ አፍ የሰማሁት ግን ያን ቀን፣ ከእሱ ጋር ነው።